ዶሜይን ስምን በዲኤንኤስ ሰርቨር ላይ በትክክል ማቋቋም፦ ከደብረ ብርሃን የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

«እማማ፣ ተከፍቷል። ለደንበኞችዎ ይንገሩ» ብዬ ደወልኩ። ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ባና የሚሸጡ የደብረ ብርሃን እናት ናቸው። ለሥራቸው ዌብሳይት ሠርቼ፣ ዶሜይኑንም (የገጹን ስም) ራሴ ባቆምኩት የዲኤንኤስ ሰርቨር፣ ማለትም ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ በሚመራ ማሽን ላይ አስገብቼ ነበር። ሰዓት ሳይሞላ መልሰው ደወሉ። «ልጄ፣ አዲስ አበባ ያለችው ደንበኛዬ አልከፈተልኝም ትላለች። አንተ ጋ ብቻ ነው እንዴ የሚከፍተው?»

ልክ ነበሩ። ለሙከራ ብዬ በላፕቶፔ ሆስትስ ፋይል ውስጥ ስሙንና አይፒውን (የቁጥር አድራሻውን) ጽፌ ስለነበር፣ ላፕቶፔ ማንንም ሳይጠይቅ ገጹን ያመጣልኛል። ውጭ ላለ ሰው ግን ስሙ ገና የትም አልነበረም። ያን ቅዳሜ ያመለጧቸው ገዢዎች እስካሁን ይቆጩኛል።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ስጨርስ ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ከእኔ በላይ ያለው የኮም ወይም የኢቲ መዝገብ፣ የእኔ ሰርቨሮች በሙሉ፣ እና ከሩቅ የሚጠይቅ እንግዳ፣ ሦስቱም አንድ ቃል ይናገራሉ? ከታች ያለው ሁሉ ወደዚህ ጥያቄ የሚያደርስ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። ምሳሌዎቹን ለንባብ እንዲመቹ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ሰርቨሩ ላይ ትእዛዝም ሆነ ሪከርድ (የዲኤንኤስ መረጃ መስመር) ስትጽፉ በላቲን ፊደል ነው። «ምሳሌ.ኮም» ያልኩት በእናንተ ዶሜይን የሚተካ ነው። በ203.0.113 እና በ198.51.100 የሚጀምሩት አይፒዎች ለማስተማሪያ ብቻ የተተዉ ስለሆኑ እንዳሉ አትገልብጧቸው።

መጀመሪያ መንገዱን እንወቀው

ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ተነስቶ መንዝ ውስጥ የአንድን ሰው ቤት የሚፈልግ እንግዳ አስቡ። መናኸሪያው ላይ ያለ ሰው ቤቱን አያውቀውም፤ «ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደው መኪና ያውልህ» ይለዋል። መሐል ሜዳ ሲደርስ ቀበሌውን ያሳዩታል፤ ቀበሌው ሲደርስ ደግሞ ጎረቤት ወደ በሩ ይወስደዋል። እያንዳንዱ የሚያውቀው ቀጥሎ ያለውን ብቻ ነው።

ዲኤንኤስም እንዲሁ ነው። ስልካችሁ ሪዞልቨር የሚባለውን ጠያቂ ይልካል፤ አብዛኛውን ጊዜ የኢንተርኔት አቅራቢያችሁ ሰርቨር ነው። እሱ ከ«ኤ» እስከ «ኤም» በሚጠሩ በ13 ስሞች ወደሚታወቁት ሩት ሰርቨሮች ይሄድና «ኮም ወዴት ነው?» ይላል። የኮም ሰርቨሮች ደግሞ «ምሳሌ.ኮምን የሚያውቁት እነዚህ ሁለት ናቸው» ብለው ወደ እናንተ ይመሩታል። እናንተ ጋ ሲደርስ ብቻ ነው የገጹን አይፒ የሚያገኘው። ያገኘውንም ለተወሰነ ጊዜ ካሽ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ያ ጊዜ ቲቲኤል ይባላል፣ የሚቆጠረውም በሰከንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ይህን ሥርዓት እስኪነድፍ ድረስ ኔትወርኩ ሁሉ ሲሠራ የነበረው እንደ እኔ ላፕቶፕ ነበር። በስታንፎርድ የምርምር ተቋም የሚጠበቅ አንድ የስሞች ፋይል ነበር፤ ሁሉም እየገለበጠ ይጠቀምበታል። ኮምፒውተሩ ሲበዛ ግን አንድ ፋይል አልበቃም። ዛሬ የምንጽፈው ሁሉ የሚመነጨው እ.ኤ.አ. በ1987 ከወጡት 1034 እና 1035 ከሚባሉት ሁለት የአርኤፍሲ (የኢንተርኔት አሠራር) ሰነዶች ነው።

ስሙን መምረጥና በማን እንደሚመዘገብ መወሰን

አገራዊው መጠሪያ ነጥብ ኢቲ ነው፤ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ለንግድ ኮም.ኢቲ፣ ለትምህርት ኢዲዩ.ኢቲ፣ ለመንግሥት ጎቭ.ኢቲ እያለ ይቀጥላል። ነጥብ ኮም ከፈለጋችሁ ሬጅስትራር ከሚባሉት መዝጋቢ ድርጅቶች ትገዛላችሁ።

በእኛ አካባቢ የስም አጻጻፍ ከባድ ጉዳይ ነው። «ደብረ ብርሃን»ን በላቲን ፊደል አንዱ «በር» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ቢር»፤ አንዱ ያጋጥማል፣ ሌላው በሰረዝ ይለያል። ደንበኛ በስልክ የነገራችሁትን ስም በየራሱ አጻጻፍ እንደሚሞክር ገምቱ። ስሙን ለአምስት ሰው በቃል ንገሩና ጽፈው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ሦስቱ ከተሳሳቱ ሌላ ስም ፈልጉ። በግእዝ ፊደል ዶሜይን ማስመዝገብ ካሰባችሁ ደግሞ ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለኮምፒውተሩ ፍጹም የተለያዩ ፊደላት መሆናቸውን አትርሱ። «ፀሐይ» ብሎ ያስመዘገበን ሰው «ጸሀይ» ብሎ የሚጽፍ ደንበኛ አያገኘውም። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለ አንድ ክፍል ከ63 ምልክት አይበልጥም፤ የግእዙ ስም ለኮምፒውተሩ ወደ ላቲን ምልክቶች ሲመነዘር ስለሚረዝም ይህም ልብ ይባል።

ባለቤትነቱ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ዶሜይኑ የተመዘገበው በሠራላችሁ ልጅ ስምና ኢሜይል ከሆነ፣ ልጁ አገር የለቀቀ ወይም ስልክ የቀየረ ቀን ስሙ ከእጃችሁ ወጣ ማለት ነው። በባለቤቱ ስም ይመዝገብ። ለመዝጋቢው የምትሰጡት ኢሜይልም በዚያው ዶሜይን ላይ ያለ አይሁን፤ ዶሜይኑ ሲበላሽ የይለፍ ቃል ማደሻው መልእክት ወደተበላሸው ሳጥን ስለሚላክ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ቁልፉን መርሳት ይሆናል።

ሁለት ሰርቨር፣ ሁለት ቦታ

ደንቡ ለአንድ ዞን፣ ማለትም ለአንድ ዶሜይን የሪከርዶች ስብስብ፣ ቢያንስ ሁለት ኔም ሰርቨር (ስለ ዞኑ የሚመልስ ሰርቨር) ይላል። ብዙ ሰው ደንቡን ለማሟላት ብሎ ለአንድ ማሽን ሁለት ስም ይሰጣል፤ ይህ ራስን ማታለል ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው አርኤፍሲ 2182 ሁለተኛው ሰርቨር በቦታም በኔትወርክም የተለየ እንዲሆን ይመክራል። ምክንያቱን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። አንዱን ደብረ ብርሃን፣ ሌላውን ሸዋ ሮቢት ብታስቀምጡ እንኳ ኢንተርኔታቸው የሚመጣው በአንድ መስመር ከሆነ መስመሩ ሲበጠስ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። አንዱ እናንተ ጋ ከሆነ ሌላውን ከሌላ አቅራቢ ተከራዩ። ለዲኤንኤስ ብቻ ከሆነ ትንሽ ማሽን ይበቃል።

ሁለቱም የማይለዋወጥ አይፒ ያስፈልጋቸዋል። በፋየርዎሉ ላይ ፖርት 53 (የዲኤንኤስ በር) በሁለቱም የመልእክት ማጓጓዣ መንገዶች፣ በዩዲፒም በቲሲፒም፣ ክፍት ይሁን። ቲሲፒውን የሚዘጋ ሰው ብዙ ነው፤ ትልቅ መልስ በዩዲፒ አልበቃ ሲል ጠያቂው በቲሲፒ ይመለሳል፣ ያኔ ዝግ በር ያገኛል። እንዲህ ያለው ብልሽት አንዴ እየሠራ አንዴ ስለሚጠፋ ምንጩን ለማግኘት ቀናት ያስፈጃል።

ባይንድን ማዘጋጀት

እኔ የምጠቀመው ኡቡንቱ ላይ ባይንድ 9 የሚባለውን የዲኤንኤስ ሰርቨር ፕሮግራም ነው። ዋናው ሥራ ሁለት ነገር መዝጋት ነው። አንደኛ፣ ሪከርሽን ይጥፋ። ሰርቨራችሁ ስለ ራሱ ዞን ብቻ ይመልስ እንጂ ለማንም ሰው ዓለምን እየዞረ አይጠይቅ። ክፍት ከሆነ አጥቂዎች በትንሽ ጥያቄ ትልቅ መልስ ወደ ሌላ ሰው ለማስላክ ይጠቀሙበታል፤ የተከራያችሁት መስመርም ይጣበባል። ሁለተኛ፣ ዞኑን ሙሉ በሙሉ የመገልበጥ ፈቃድ ለሁለተኛው ሰርቨር ብቻ ይሰጥ። ቲሲግ በሚባለው የምስጢር ቁልፍ ቢታሰር ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ከዚያ በማዋቀሪያው ፋይል ላይ የዞኑን ስም፣ ዓይነቱን እና የዞን ፋይሉን ቦታ ታስገባላችሁ። በዋናው ሰርቨር ዓይነቱ ፕራይመሪ፣ በሁለተኛው ሴኮንደሪ ይባላል፤ በሁለተኛው ላይ የዋናውን አይፒ ትጨምራላችሁ። እዚህ ጋ ብዙ አልቆይም፤ ቅንፍና ነጠላ ሰረዙን የሚፈትሽላችሁ ኔምድ ቼክኮንፍ የሚባል ትእዛዝ አለ።

ዞን ፋይሉ

ስሕተት የሚበዛው እዚህ ስለሆነ ቀስ እንበል። ትንሽ ግን ሙሉ የሆነ ዞን ይህን ይመስላል፦

$ኦሪጅን ምሳሌ.ኮም.
$ቲቲኤል 3600
@ ኤስኦኤ ኤንኤስ1.ምሳሌ.ኮም. ኃላፊ.ምሳሌ.ኮም. 2026021001 7200 3600 1209600 900
@ ኤንኤስ ኤንኤስ1.ምሳሌ.ኮም.
@ ኤንኤስ ኤንኤስ2.ምሳሌ.ኮም.
ኤንኤስ1 ኤ 203.0.113.10
ኤንኤስ2 ኤ 198.51.100.20
@ ኤ 203.0.113.30
ደብሊውደብሊውደብሊው ሲኔም ምሳሌ.ኮም.
@ ኤምኤክስ 10 ሜይል.ምሳሌ.ኮም.
ሜይል ኤ 203.0.113.40

«@» ማለት ራሱ ዶሜይኑ ማለት ነው። ኤስኦኤ የዞኑ መክፈቻ መስመር ነው፤ ኤንኤስ የኔም ሰርቨሮቹን ስም፣ ኤ ደግሞ የአንድን ስም አይፒ ይናገራል። ሲኔምና ኤምኤክስ ከታች ይመጣሉ።

አሁን መጨረሻ ላይ ያለችውን ነጥብ እዩ። በጽሑፋችን አራት ነጥብ ካልተደረገ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም፤ አንባቢው ቀጣይ ቃል ይጠብቃል። ባይንድም እንዲሁ ያነባል። «ኤንኤስ1.ምሳሌ.ኮም» ብላችሁ ነጥቧን ከተዋችሁ፣ ስሙ ገና አላለቀም ብሎ የዞኑን ስም ይቀጥልበትና «ኤንኤስ1.ምሳሌ.ኮም.ምሳሌ.ኮም.» ያደርገዋል። ሙሉ ስም ከጻፋችሁ በነጥብ ዝጉ፤ «ኤንኤስ1» ብላችሁ አጭሩን ከጻፋችሁ ነጥብ አታድርጉ። ከዓመታት ልምዴ ስናገር፣ ሰው አምጥቶ ከሚያሳየኝ የተበላሸ ዞን ብዙው በዚህች ነጥብ የተበላሸ ነው።

በኤስኦኤው መስመር ሁለተኛው ስም የኃላፊው ኢሜይል ነው፤ የኢሜይሉ «@» ምልክት በነጥብ ተተክቶ ይጻፋል። ቀጥሎ የሚመጣው ረጅም ቁጥር ሴሪያል ይባላል። ሁለተኛው ሰርቨር «አዲስ ነገር አለ?» ብሎ የሚያውቀው በዚህ ቁጥር ብቻ ነው። ዞኑን ለውጣችሁ ሴሪያሉን ካልጨመራችሁ፣ ዋናው አዲሱን ሁለተኛው አሮጌውን እያወሩ ይኖራሉ፤ ደንበኛው አንዴ አዲሱን ገጽ አንዴ አሮጌውን ያያል።

የተለመደው አጻጻፍ ዓመት፣ ወር፣ ቀን እና የዕለቱ ተራ ቁጥር ነው። ለእኛ ደግሞ እዚህ ላይ የራሳችን ወጥመድ አለ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች በየተራ ዞኑን ይነኩ ነበር እንበል። የመጀመሪያው ሰኔ 5 ቀን 2017ን በፈረንጅ አቆጣጠር 2025061203 ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው በማግስቱ ለውጥ አደረገና በእኛው ቀን 2017100601 አለ። እሱ ቀኑን አላሳሳተም፤ ቁጥሩ ግን ወደኋላ ሄደ። ሁለተኛው ሰርቨር «የያዝኩት ይበልጣል» ብሎ አዲሱን ዞን ሳይወስድ ይቀራል፤ ለተጠቃሚው የሚደርስ የስሕተት መልእክት የለም። በየትኛውም አቆጣጠር መጻፍ ይቻላል፤ ጳጉሜንን እንደ 13ኛ ወር ብትጽፉትም ቁጥሩ ማደጉን አያቆምም። ሁለቱን መቀላቀል ነው የሚያበላሸው። ከዞን ፋይሉ አናት ላይ «እዚህ የምንጠቀመው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው» የሚል መስመር በሴሚኮለን ጀምራችሁ ጻፉ። ባይንድ አያነበውም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ያነበዋል።

ቁጥሩ ወደኋላ ከሄደ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከአሮጌው የሚበልጥ ቁጥር መስጠት። በስሕተት በጣም ትልቅ ቁጥር ከተጻፈ ግን፣ ለምሳሌ 2025 ሊባል 2205061203 ከተባለ፣ ሌላ ዘዴ አለ። በያዘው ቁጥር ላይ 2147483647 ይደመራል፤ ድምሩ ከ4294967295 ካለፈ 4294967296 ይቀነስለታል። በዚህ ምሳሌ 57577554 ይመጣል። ይህን ቁጥር ሰጥታችሁ ሁለተኛው ሰርቨር መውሰዱን ካረጋገጣችሁ በኋላ ወደ 2025061301 ትመለሳላችሁ። ቁጥሩ እንደ ሰዓት ክብ ስለሚዞር ነው ይህ የሚሠራው።

ከሴሪያሉ በኋላ ያሉት አራት ቁጥሮች በሰከንድ ናቸው። ሁለተኛው ሰርቨር በየስንት ጊዜው ይጠይቅ፣ ካጣ በስንት ጊዜ ይድገም፣ ዋናውን ካላገኘ እስከ መቼ ይመልስ፣ እና «የለም» የሚል መልስ ስንት ጊዜ ይቀመጥ የሚሉ ናቸው። ሦስተኛውን አታሳጥሩት። 1209600 ማለት 14 ቀን ነው፤ ደብረ ብርሃን ያለው ዋናው ሰርቨር ቢበላሽ ሁለተኛው ለሁለት ሳምንት ብቻውን ይሸከመዋል። ወደ አንድ ቀን ያሳጠረው ሰው ጥገናው ሳያልቅ ዶሜይኑ ይጠፋበታል። የመጨረሻው ደግሞ አንድ ልማድ ያስተምራል፦ ሪከርዱን ሳትጽፉ በፊት ስሙን በብሮውዘር አትሞክሩ። «የለም» የሚለው መልስ ሪዞልቨሩ ውስጥ ገብቶ ከጻፋችሁ በኋላም ይቆያል።

ሲኔም ለአንድ ስም ሌላ ስም መስጫ ነው። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ሲኔም ያለበት ስም ሌላ ሪከርድ አይኖረውም። ራሱ ዶሜይኑ ኤስኦኤና ኤንኤስ ስላለው ሲኔም ሊሆን አይችልም። ሆስቲንግ ሰጪው «ዶሜይኑን በሲኔም አዙሩት» ካላችሁ በሦስቱ ደብሊው ላይ አድርጉት፤ ለዋናው ስም ኤ ሪከርድ ጠይቁ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ኔምድ ቼክዞን በሚባለው ትእዛዝ አስፈትሹ። «ኦኬ» ማለቱ ግን ሰዋስዉ ልክ ነው ማለት ብቻ ነው። የተረሳች ነጥብ ብዙ ጊዜ ታመልጠዋለች። ከዚያ በአርኤንዲሲ ሪሎድ ትእዛዝ ባይንድ አዲሱን ዞን እንዲያነብ ታደርጋላችሁ።

ከላይ ያለው መዝገብ

እኔ ያን ቅዳሜ ያልሠራሁት ይህን ነበር። ሰርቨራችሁ የፈለገውን ያህል ልክ ቢሆን፣ የኮም መዝገብ ወደ እናንተ ካልመራ እንግዳው መናኸሪያው ላይ ይቀራል። ወደ መዝጋቢው ድርጅት አካውንት ገብታችሁ ኔም ሰርቨር በሚለው ቦታ ኤንኤስ1 እና ኤንኤስ2ን ታስገባላችሁ።

እዚህ አንድ ቋጠሮ አለ። ኔም ሰርቨሩ የሚኖረው በዚያው ዶሜይን ውስጥ ነው። እንግዳው «የምሳሌ.ኮም መንገድ ወዴት ነው?» ሲል «ኤንኤስ1.ምሳሌ.ኮምን ጠይቅ» ይባላል። «እሱስ የት ነው?» ሲል ደግሞ «የምሳሌ.ኮምን ሰው ጠይቅ» ይባላል። «የአያ እገሌ ቤት የት ነው?» ብሎ «ከአያ እገሌ ቤት አጠገብ» እንደመባል ነው። ይህን የሚፈታው ግሉ ሪከርድ ነው፤ የኔም ሰርቨሮቹ አይፒ ከላይ በኮም መዝገብ ውስጥ አብሮ ይቀመጣል። በመዝጋቢው ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ «ሆስት» ወይም «ቻይልድ ኔም ሰርቨር» በሚል ስም ተለይቶ ይገኛል። አስቀድማችሁ እሱን ሙሉ፤ ከዚያ ኔም ሰርቨሮቹን ስጡ። የኔም ሰርቨር አይፒ የቀየራችሁ ቀን ግሉውን መቀየርም አይረሳ፤ በዞን ፋይላችሁ መቀየሩ ብቻ ከላይ ያለውን አይነካውም።

ከላይና ከታች ያሉት የኤንኤስ ስሞች አንድ ይሁኑ። ከላይ የተጻፈው ሰርቨር ስለ ዞኑ የማያውቅ ከሆነ ሌም ዴሊጌሽን ይባላል፤ ዶሜይኑ በከፊል ያነክሳል።

እስከ 48 ሰዓት ጠብቁ የሚባለው ከየት መጣ? በኮም መዝገብ የኤንኤስ ሪከርዶች ቲቲኤል 172800 ሰከንድ፣ ማለትም ሁለት ቀን ነው። አሮጌውን የያዘ ሪዞልቨር እስከዚያ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ አሮጌውን ሰርቨር ወዲያው አታጥፉት።

ማረጋገጥ

ብሮውዘር ምስክር አይሆንም። ብሮውዘሩ፣ ስልኩ፣ ራውተሩ፣ ሆስትስ ፋይሉ፣ እያንዳንዱ የራሱ ትዝታ አለው። ዲግ በሚባለው ትእዛዝ እንሥራ፤ ዊንዶውስ ላይ ያላችሁ ኤንኤስሉክአፕ አለላችሁ።

በመጀመሪያ እያንዳንዱን ሰርቨር ለየብቻው፣ በአይፒው ጠርታችሁ ጠይቁ። ዲግ ብላችሁ፣ ቀጥሎ የ«@» ምልክትና የሰርቨሩ አይፒ፣ ከዚያ ዶሜይኑና ኤስኦኤ። መልሱ ውስጥ «ኤኤ» የምትባል ምልክት መኖሯን እዩ፤ «የምናገረው ከራሴ መዝገብ ነው፣ ሰምቼ አይደለም» ማለቷ ነው። የሁለቱን ሰርቨሮች ሴሪያል አነጻጽሩ። ከተለያየ የቀረውን ትታችሁ እሱን አስተካክሉ።

ሁለተኛ፣ ዲግን ፕላስ ትሬስ በሚለው አማራጭ አስኪዱት። ከሩት ጀምሮ እስከ እናንተ ያለውን መንገድ ደረጃ በደረጃ ያሳያል፤ የት ላይ እንደተቆረጠ በዓይን ይታያል። ሦስተኛ፣ የእናንተ ያልሆኑ ሪዞልቨሮችን ጠይቁ፦ 8.8.8.8፣ 1.1.1.1፣ 9.9.9.9። በመጨረሻም ዋይፋይ አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ ሞክሩ፤ ከተቻለ ሌላ ከተማ ያለ ወዳጅ ይሞክርላችሁ። እኔ ዛሬም አንድ ሰው አታዬ፣ አንድ ሰው አዲስ አበባ ሳልጠይቅ ለባለቤቱ «አልቋል» አልልም።

የስሕተቶቹን ቋንቋ ማወቅ ድካም ይቀንሳል። ኤንኤክስዶሜይን ካለ ስሙ የለም ማለት ነው፤ ነጥብ ወይም ፊደል ፈትሹ። ሪፊውዝድ ካለ ሰርቨሩ አለ፣ ግን ዞኑን አያውቀውም። ሰርቭፌይል ካለ ሪዞልቨሩ ሞክሮ አልሆነለትም፤ ሰርቨሮቹ አልመለሱም ወይም ከታች የምናየው የዲኤንኤስሴክ ፊርማ አልገጠመም። ምንም መልስ ሳይመጣ ጊዜው ካለቀ ወደ ፋየርዎሉ ሂዱ።

የሎግ ሰዓት ስታነቡም ተጠንቀቁ። ብዙ ሰርቨር የሚጽፈው በዩቲሲ ነው። በሎጉ 18:00 ያለው በፈረንጅ ሰዓት አጻጻፍ ለኢትዮጵያ 21:00 ነው፤ በእኛ አነጋገር ከምሽቱ 3 ሰዓት። ደንበኛው «ማታ 3 ሰዓት ላይ ጠፋ» ቢላችሁ 03:00ን አትፈልጉ።

ኢሜይሉ

ገጽ ሲጠፋ ይታያል፤ ኢሜይል ሲጠፋ ግን የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ ባለቤቱ ኢሜይል ባይጠይቅም ይህን ክፍል አልዘለውም።

ኤምኤክስ የዶሜይኑን ኢሜይል የሚቀበለውን ሰርቨር የሚናገር ሪከርድ ነው። የሚያመለክተው ስምን ነው፤ አይፒ አይጻፍበትም፣ ወደ ሲኔምም አያመልክት። ከስሙ በፊት ያለው ቁጥር ቅድሚያ ነው፤ ትንሹ ይቀድማል። ከዚያ በቲኤክስቲ (የጽሑፍ) ሪከርድ ኤስፒኤፍ ይጻፋል፤ «በዚህ ዶሜይን ስም ደብዳቤ መላክ የሚችሉት እነዚህ ናቸው» የሚል ነው። ለአንድ ስም አንድ ኤስፒኤፍ ብቻ ይፈቀዳል። ሁለት አገልግሎት ስትጠቀሙ ሁለቱም የየራሳቸውን መስመር ይሰጧችኋል፤ ሁለቱን እንዳሉ ከለጠፋችሁ ሁለቱም ይበላሻሉ፣ በአንድ መስመር አዋሕዱ። በውስጡ ተጨማሪ ዲኤንኤስ ጥያቄ የሚያስነሡ ነገሮች ከ10 እንዳይበልጡ። ዲኪም የሚባለው የፊርማ ቁልፍ ረጅም ስለሆነ ከ255 ምልክት ካለፈ በትእምርተ ጥቅስ እየተከፈለ ይጻፋል። ዲማርክን፣ ማለትም በእነዚህ ማጣሪያዎች ያላለፈ ደብዳቤ ምን ይደረግ የሚለውን ሪከርድ፣ በመመልከት ብቻ ጀምሩ፤ ሪፖርቱ ንጹሕ ሲሆን አጥብቁት።

የራሳችሁን የኢሜይል ሰርቨር ካቆማችሁ ፒቲአር ያስፈልጋል፤ ከአይፒ ወደ ስም የሚመልሰው ሪከርድ ነው። ይህን በዞን ፋይላችሁ መጻፍ አይሠራም። የሚጽፈው የአይፒው ባለቤት፣ ማለትም አይፒውን የሰጣችሁ አቅራቢ ነው፤ በጽሑፍ ጠይቁት።

ኢሜይል የማይላክበት ዶሜይን ከሆነም ኤስፒኤፉን «ማንም አይልክም» በሚል አድርጉት። በስማችሁ የሚያጭበረብር እንዳይኖር።

ሰርቨር ሲቀየር

ገጹ ወደ ሌላ አይፒ የሚዛወር ከሆነ፣ ከዝውውሩ ቢያንስ አንድ ቀን በፊት የዚያን ሪከርድ ቲቲኤል ወደ 300 አውርዱ። ከዚያ አሮጌው ቲቲኤል እስኪያልቅ ጠብቁ። ቲቲኤሉን አውርዶ በዚያው ደቂቃ አይፒውን የሚቀይር ሰው ምንም አላተረፈም፤ ሪዞልቨሮቹ የያዙት አሮጌውን ረጅም ጊዜ ነው። አዛውራችሁ ሁለት ቀን ካለፈ በኋላ ቲቲኤሉን ወደ 3600 መልሱ። ለዝውውር የገበያ ቀንን አትምረጡ፤ ለእማማ ሥራ ቅዳሜ አይነካም።

ዲኤንኤስሴክ መልሶቻችሁን በፊርማ ያትማል። ሩቱ ራሱ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ከላይ በመዝገቡ የተቀመጠው ዲኤስ ሪከርድ (የቁልፋችሁ አሻራ) እና የእናንተ ቁልፍ ካልተስማሙ ፊርማ በሚያረጋግጡ ሪዞልቨሮች በኩል ለሚመጣ ሁሉ ዶሜይኑ ይዘጋል። ዲኤንኤስ አቅራቢ ስትቀይሩ መጀመሪያ ዲኤሱን ከመዝጋቢው አስወግዱ፣ ጊዜው እስኪያልፍ ጠብቁ፣ ከዚያ ተዛወሩ፣ በአዲሱ ቤት እንደገና ፈርሙ። ይህን የሚከታተል ሰው ከሌላችሁ ለጊዜው አትጀምሩት።

እድሳት

ሁሉ ልክ ሆኖ ክፍያ ስላለፈ ብቻ የጠፋ ዶሜይን ማየት ያሳዝናል። ለውጭ መዝጋቢ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ፣ የመጨረሻዋ ሳምንት ላይ የሚከፍል ካርድ ፍለጋ ይጀመራል። ነጥብ ኮም እስከ 10 ዓመት በአንድ ጊዜ ሊከፈል ይችላል። ከውጭ የመጣ ዘመድ ወይም የሚከፍል ካርድ ባገኛችሁ ጊዜ ሦስት አራት ዓመቱን አንድ ላይ ክፈሉ። ጊዜው አልፎ ከተሰረዘ በኋላ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለ፤ ክፍያው ግን ከተራው እድሳት በጣም ይከብዳል። ከዚያ ካለፈ ስሙ ለማንም ክፍት ይሆናል።

የማብቂያው ቀን የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ወደ እኛ ቀን መልሱትና ባለቤቱ በየዕለቱ የሚያየው ቦታ ላይ ይጻፍ። የእማማን እኔ ሱቃቸው ውስጥ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ፣ ቀኑ ከመድረሱ ሁለት ወር ቀድሜ በቀይ እስክሪብቶ ከበብኩት። ሥሩ ላይ የመዝጋቢውን አካውንት ኢሜይል ጻፍኩ፤ የይለፍ ቃሉን ደግሞ በወረቀት አድርገው ከቤታቸው ካርታ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆለፉት።